ወንዝ የገባችው አህያ

አንድ ወንድይፍራው የሚባል የኮምፒውተር መምህር ነበር። የአራተኛ ክፍል ተማሪዎቹ ኮድ የሚሠሩት በመጻፍ አይደለም። «ወደ ፊት ሂድ»፣ «ዙር»፣ «ቁም» የሚሉ ባለ ቀለም ብሎኮችን በማውዝ እየጎተቱ ይገጣጥማሉ፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው አህያም የታዘዘችውን ታደርጋለች። ያልታዘዘችውን ብትሞት አታደርግም።

ወንድይፍራው ልጆቹን ይወዳል፤ ትዕግሥት ግን አልፈጠረበትም። ልጅ ሲሳሳት ካየ እጁን ይበላዋል። «ቆይ፣ ቆይ፣ አምጣው» ይልና ማውዙን ተቀብሎ ራሱ ያስተካክለዋል። ልጆቹም ስለለመዱት ገና ጠጋ ሲላቸው ማውዙን ለቀው እጃቸውን ያጣምራሉ። እጁ የማይደርስባት ትርሲት ብቻ ናት። የእሷ ኮምፒውተር ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ነው፤ ሆዱ ገፋ ያለው መምህር ደግሞ በዚያ ጠባብ ቦታ ማለፍ አይችልም።

የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ድንበሩ፣ የኮምፒውተር ክፍሉ ለተማሪዎች ምገባ የእህል መጋዘን ቢሆን ይሻላል ባይ ነበሩ። «ልጆቹ ሲጫወቱ ነው የሚውሉት» የሚል ወሬ ሰምተዋል። በወላጆች ቀን አይተው ሊወስኑ ቀጠሮ ያዙ። ወንድይፍራው ክፍሉን እንዳያጣ ፈራ። ለዕለቱ የተሰጣቸው ሥራ አህያዋን ከወንዝ ውሃ አስጭኖ ቤት ማስገባት ነበር። በዋዜማው ልጆቹ ከሄዱ በኋላ የሁሉንም ሥራ እየዞረ አስተካከለ። የትርሲት ብቻ እንደነበረ ቀረ።

በማግስቱ አህዮቹ ውሃ ጭነው ሰተት ብለው ቤት ገቡ። ወላጆች አጨበጨቡ። የትርሲት አህያ ግን ወንዝ ገብታ ቀረች፤ መምህሩ አፈረ።

አቶ ድንበሩ ከፊት የተቀመጠውን ልጅ «ጎሽ። እስቲ አሁን ደግሞ ስክሪኑ ጥግ ወዳለው ወፍጮ ቤት ውሰዳት» አሉት። ልጁ እጁን አጣምሮ መምህሩን አየ። ሌሎቹም እንደዚያው አደረጉ።

አቶ ድንበሩ ቀጭን ናቸውና ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ትርሲት ጋ ሹልክ ብለው ገቡ።

«ያንቺዋ ለምን ወንዝ ገባች?»

«ወንዙ ጋ ስትደርስ ቁሚ አላልኳትም፤ ካላልኳት አትቆምም» አለች ትርሲት።

«ወፍጮ ቤትስ ትወስጃታለሽ?»

«ልሞክር።»

መጀመሪያ አህያዋ ከአጥር ተጋጨች። «ቆይ፣ ቆይ» አለ ወንድይፍራው ከወዲያ ማዶ፤ የሚሰማው አላገኘም። ትርሲት አንድ ብሎክ አውጥታ ሌላ አስገባች። አህያዋ አሁን ደግሞ ወፍጮ ቤቱን አልፋ ሄደች። እንደገና አስተካከለች፤ አህያዋ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ደርሳ ቆመች።

አቶ ድንበሩ ወጥተው የመምህሩን ትከሻ ያዙ።

«መምህር፣ እኔ ክፍሉን አልነካም። አንተም ማውዙን አትንካ።»

ለልጅ ብለን ያረምነው ስህተት እኛን እንጂ ልጁን አያስተምርም። ስህተቱን ስንወስድበት ዕውቀቱንም አብረን እንወስድበታለን፤ ያውም በፍቅር። ነገ ጠዋት ልጃችሁ የጫማውን ክር ለማሰር ሲታገል፣ ሰዓት ቢረፍድም፣ እስኪጨርስ እጃችሁን ሰብስባችሁ መጠበቅ ትችላላችሁ?