አውድማ የሚያውቅ ሳል

አንድ ገበሬ ነበረ። ጥማድ በሬ ነበረው፣ መሬት ነበረው፣ ሚስትና ልጆች ነበሩት፤ ደህና ደረት ግን አልነበረውም።

ሰነፍ እንዳይመስልህ። ጎረቤቶቹ በሬዎቻቸውን ፈትተው ወደ ቤት ሲገቡ እሱ ገና ትልም ላይ ነበር። በአረም ጊዜ ጎንበስ እንዳለ ይውላል። ጎረቤት ቤት ሲሠራ ጭቃውን የሚያቦካው እሱ ነው። ነገር ግን እህል ታጭዶ አውድማ ሲወጣ፣ በሬዎቹ ጤፉን ማበራየት ሲጀምሩና ብናኙ ሲነሣ፣ ዓይኑ ይቀላል፣ አፍንጫው ይዘጋል፣ ማስነጠሱ አያቆምም። ቀጥሎ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። ትንፋሹን በግድ እየሳበ ከአውድማው ይርቃል። በዚያው ጉንፋን ይይዘዋል፣ ጉንፋኑ ደረቱ ላይ ይወርዳል፣ ሰንብቶ ለቀቀው ሲባል ሌላ አውድማ ይጠብቀዋል።

በዚያ አገር ጤፍ የሚወቃው በደቦ ነው። ዛሬ የአንተን፣ ነገ የእኔን እየተባባሉ በየተራ ይረዳዳሉ። ደቦ ያልወጣ ሰው ለእሱም አይወጡለትም። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ወቅቶ አይጨርስምና ያለጊዜው የሚመጣ ዝናብ ክምሩን ሜዳ ላይ ያበሰብስበታል። ስለዚህ ይህ ሰው ባሳለ ቁጥር የሚፈራው ለደረቱ ብቻ አልነበረም፤ ለልጆቹ የዓመት ቀለብም ጭምር ነበር።

ሰዎቹስ ምን አሉ? «የዚህ ሰው ሳል አውድማ ያውቃል» አሉ። ሲታረስ ደህና፣ ሲበላ ደህና፣ ጤፍ ሲወቃ ብቻ የሚነሣ ምን ዓይነት በሽታ ነው እየተባባሉ ሳቁበት። ባሳለ ቁጥር አንዱ ለሌላው ይጠቅሳል።

እኔን ደሜን የሚያፈላው ይኸ ነው ልጄ። ሕመሙ ሁልጊዜ አውድማ ላይ መነሣቱ፣ የሚያሳምመው አውድማው መሆኑን ሊነግራቸው በተገባ ነበር። ማየት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ? እነሱ ግን ያንኑ ማስረጃ ይዘው ውሸታም አሉት። እነዚሁ ሰዎች በሬያቸው አንድ ቅጠል በልቶ ሆዱ ሲነፋ፣ በሬው አስመሰለ አይሉም። ሄደው ቅጠሉን ከሥሩ ይነቅላሉ። ለበሬ ያላቸውን ማስተዋል ለሰው ነፈጉት።

እሱም ማፈር ጀመረ። ሳሉን በጋቢው ጫፍ አፍኖ ይውጣል። ደህና ነህ ወይ ሲሉት ደህና ነኝ ይላል። ደህና አለመሆኑን ከሚስቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ጀርባውን ትራስ አስደግፋ ቁጭ ብሎ እንዲተኛ የምታደርገው እሷ ነበረች።

አንድ ዓመት ደቦውን የሚመሩት ሽማግሌ አውድማው መካከል አስቆሙትና ሰው ሁሉ እየሰማ እንዲህ አሉት፦ «ዘንድሮ ከነፋሱ በታች ቆመህ እብቁን አንተ ትጠርጋለህ። አለዚያ የአንተን ክምር የሚነካ እጅ አይኖርም።»

ከነፋሱ በታች ማለት፣ ጤፉ በእንጨት አካፋው፣ በላይዳ፣ ወደ ላይ ሲበተን ነፋሱ እብቁንና ብናኙን ጠርጎ የሚያመጣበት ቦታ ነው። ጤነኛው እንኳ አፉን አስሮ የሚቆምበት ነው። ገበሬው ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። በምሥራቅ በኩል ዳመናው ከብዷል። ክምሩ ገና አልተነካም። እንቢ ያለ እንዳይመስል ፈርቶ መጥረጊያውን ተቀበለና ገባ።

ብዙም አልቆየም። ሲንበረከክ አይተው መጀመሪያ ሳቁ። ከንፈሩ ሲጠቁር ግን ሳቁ ቆመ፤ ተሸክመው ወደ ቤቱ ሮጡ።

እንግዲህ አሁን ስማኝ፤ የነገሩ ሁሉ ክፋት እዚህ ላይ ነው። ሰዎቹ ደነገጡ፣ አዘኑለትም። «ብርድ መታው» ተባባሉ። በሩን ዘጉ። መስኮቷን በጨርቅ ወተፉ፣ በግድግዳው ስንጥቅ ሁሉ ጨርቅ ጎሰጎሱ። ባሕር ዛፍ ቅጠል እሳት ላይ ጨምረው ቤቱን በጭስ ሞሉት። መኝታው እንዳይቆረቁረው ብለው ደግሞ ከዚያው ከአውድማው አዲስ ጭድ በሸክም አምጥተው አነጠፉና በላዩ አስተኙት። አቧራው ገና ከጭዱ ላይ አልረገፈም። ክፋት ቢሆን ኖሮ በቀለለኝ! ክፉን ሰው ይሸሹታል። እነዚህ ግን ወዳጆቹ ነበሩ፤ እንባቸውን እየጠረጉ ገደል አፋፍ አደረሱት።

ሚስቱ ውሃ ቀድታ ስትመለስ በሩ ተዘግቶ፣ ጭሱ በክዳኑ ሥር ሲወጣ አየች። ገባች። ባልዋ ጭዱ ላይ ሆኖ አፉን ይከፍታል፣ አየሩ ግን አይገባለትም። ማንንም አልጠየቀችም። እንስራዋን እሳቱ ላይ ገለበጠች። መስኮቱ ላይ የተወተፈውን ጨርቅ ጎትታ ጣለች። ባልዋን በብብቱ ይዛ ወደ ደጃፉ ሳበችውና ምሰሶው ላይ አስደግፋ አስቀመጠችው። ከዚያ ተመልሳ ጭዱን በሁለት እጇ እያፈሰች ግቢ ውስጥ መበተን ጀመረች።

ሽማግሌው ተቆጡ። ሰው በደግነት ያመጣውን እንዲህ ማድረግ ነውር እንደሆነ ነገሯት፤ በሩንም እንድትዘጋ፣ ንፋሱ እንደሚገድለው።

«አባቴ፣ ንፋስ ገድሎት አያውቅም» አለቻቸው። «ዓመት ሙሉ ሲያርስ ንፋስ ላይ ነው የሚውል። የሚገድለው እናንተ የምታነጥፉለትና የምታጨሱበት ነው።»

ገበሬው ደጃፉ ላይ እያለ ትንፋሹ ቀስ በቀስ መለስ አለ። በማግስቱ በበቅሎ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጡት፤ አቧራና ጭስ እንዲርቅ፣ ጉንፋን ሲጀምረው ደረቱ እስኪዘጋ ሳይጠብቅ ቶሎ እንዲመጣ ነገሩት። ሲመለስ በቀጥታ ወደ አውድማው ሄደ። ዳር ቆሞ፣ ብናኙ በማይደርስበት፣ እንዲህ አላቸው፦ «እርሻ ጥሩኝ፣ አረም ጥሩኝ፣ ቤት ስትሠሩ ጥሩኝ፤ ከማንም ኋላ አልቀርም። አውድማ ግን አልገባም። ከእንግዲህ በዚህ አላፍርም።»

ሁሉም ተጸጽተው ጤፉን ወቁለት ብልህ ደስ ይልህ ነበር። አልወቁለትም። ጥቂቶቹ መጡ፣ ሌሎቹ ቀሩ፤ ሽማግሌውም ቀሩ። ከክምሩ ከፊሉ ጎተራ ገባ፣ ከፊሉን ዝናብ ቀደመው። ያን ዓመት ልጆቹ ጤፉን ከማሽላ ጋር እየቀላቀሉ በሉ። አባት ግን ነበራቸው።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። ይህን ሁሉ ያወራሁት ስለ ጠየቅኸኝ ነው። «የኔታ፣ በዚህ ዕድሜዬ በየወሩ ጉንፋን፣ በየሳምንቱ ማስነጠስ፤ ሰው ሰለቸኝ። ችዬ ዝም ልበል ወይስ ልናገር?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ከዚያ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ የሚሳበውን መድኃኒትህን መሥሪያ ቤት ሽንት ቤት ገብተህ፣ በሩን ቆልፈህ እንደምትወስድ ነገርኸኝ። ሌባ እንኳ እንዲህ አይደበቅም። ያን ዕለት ሰምቼህ ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ተናድጄ ነበር።

መዝገብ ቤት ውስጥ የዘመን አቧራ ከጠጣ ፋይል ጋር ቀኑን ሙሉ ትውላለህ። እሱ አውድማህ ነው። ፋይል በተገላበጠ ቀን መታመምህን አይቶ «ዛሬም አመመህ?» እያለ የሚስቀው አለቃህ ያ ሽማግሌ ነው። ብርድ እንዳይመታህ ብላ መስኮቱን የምትዘጋልህ፣ ጠረኑ እንዲያምር ብላ ሽቶ የምትረጭልህ ደግ የሥራ ባልደረባህም ጭድ ተሸካሚዋ ናት። አንተ ደግሞ እዚያ ጭድ ላይ ተኝተህ እግዜር ይስጥልኝ ትላለህ።

ደግነቷን ተቀበል፣ ጭዱን ግን አውጣው። የሚያሳምምህን በስሙ ጥራ። ሌላ ክፍል ስጡኝ በል፤ ከማንም ያላነሰ እንደምትሠራ ይወቁት። ላይሰጡህ ይችላሉ፣ ሊያኮርፉህም ይችላሉ፤ እንዳልዋሸሁህ አይተሃል። የቤትህ ልጆች ግን የሚፈልጉት የተመሰገነ ሠራተኛ አይደለም፤ የሚተነፍስ አባት ነው።

ነገ ስትገባ መድኃኒትህን ጠረጴዛህ ላይ አስቀምጠው። ሲያስፈልግህ እዚያው፣ ሰው እያየህ ውሰድ። ከዚያ ተነሥተህ መስኮቱን ክፈት። ብርድ ገባ ያለህን ሰው ጋቢ እንዲለብስ ንገረው።