አህያ ከጥንግ ሜዳ የወጣበት ቀን

አንድ ጊዜ፣ አህያና የዱር አራዊት ገና ሳይቆራረጡ፣ በዓመት አንድ ቀን ተሰብስበው ጥንግ ይጫወቱ ነበር። ጥንግ ከእንጨት የተጠረበች ድቡልቡል ኳስ ናት። እሷን በቆልማማ ዱላ እየመቱ ወደ ባላጋራ ዳር ማድረስ ነው ጨዋታው። ሜዳቸው ሰንበሌጥ የሚባል ወንዝ ነበር። በበጋ ውሃው ይደርቅና ነጭ አሸዋ ብቻ ይቀራል። እንደዚያ ያለ አሸዋ ዛሬ የት ይገኛል? ቢወድቁበት አያምም፣ ቢሮጡበት አያዳልጥም። ፈጣሪ ለጨዋታ ብሎ ያነጠፈው ይመስል ነበር።

ከሁሉም የሚያምረው ግን ደንቡ ነበር። በጥንግ ቀን ጌታ አይቆጣም። አይጥ ዝሆንን ብትሰድበው ዝሆን ይስቃል እንጂ አይረግጣትም። ዓመቱን ሙሉ ሰው ቤት ሲጫን የሚከርመው አህያም በዚያች ቀን ዱላውን ይዞ ከአንበሳ ፊት ይቆማል። አንድ ዓመት እንዲህ ብሎ ገጠመበት፦

«አንበሳ ቢያገሳ ተራራው ቢናጋ፣
ጥንጓ ስትመጣ ይሸሻል ወደ አልጋ።»

አንበሳ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። አህያ ያቺን ቀን እያሰበ ነበር ዓመቱን የሚገፋው። ጭነቱ ሲከብደው ሽቅብ አይቶ፣ አምላኬ ለጥንግ አድርሰኝ ይል ነበር። ሌላው ለጨዋታ ነበር የሚመጣው፣ እሱ ግን ለመከበር ነበር።

ደንቡ አንድ ክፉ ነገርም ነበረው። ሳይጎዳ ዱላውን ጥሎ ከሜዳ የወጣ፣ ዳግመኛ ጥንግ አይመታም። ዕድሜ ልኩን ከዳር ተቀምጦ ያያል።

ታዲያ በአንዱ ዓመት፣ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለው ለሁለት ተከፍለው ሜዳው ላይ ጨዋታ ሊጀምሩ ሲሉ፣ ከወንዙ ራስ በላይ ያለው ተራራ ጠቆረ። ነጎድጓዱ ከሩቅ ይጎተታል። ነፋሱ ቅጠሉን እየገለበጠ መጣ። እነሱ ያሉበት ግን ፀሐይ ነው። ደመናውን ሁሉም አይቷል። ያየውም ሁሉ ፊቱን አዙሯል፤ ዓመት የጠበቁትን ቀን ማን ይቅር ይላል?

ነገሩ ሲጉላላ አንበሳ ጉባኤ አደረገ። ጅብ ቀድሞ ተነሣ። ለድግሱ የታረደው ጎሽ አሸዋው መሃል ድንጋይ ላይ ተከምሮ ነበርና፣ ዓይኑን ከሥጋው ሳይነቅል፣ ጨዋታው ቢቀር ሥጋው ይበላሻል፣ ሥጋ ማበላሸት ደግሞ ኃጢአት ነው አለ። ቀበሮም ከወንዙ ዳር፣ ከገደሉ አፋፍ ሆና፣ ዝናቡ ያለው ተራራው ላይ ነው፣ ምን አስፈራችሁ፣ ተጫወቱ እያለች ታሞቃቸው ጀመር። አንበሳም አባቱ በዚሁ አሸዋ መጫወቱን፣ ጥንግ አንድም ዓመት ቀርቶ እንደማያውቅ አነሣ። እርጅና ተጭኖት ስለነበር፣ ይህችኛዋ የመጨረሻዬ ናት ብሎ ይፈራ ነበር። ይህንን ግን ለማንም አልነገረም።

ያኔ አህያ ወደ መሃል ወጣ።

«ጌታዬ፣ ዛሬ ይቅር። ውሃ ይመጣል። እርስዎም አይተውታል፣ እንዳላየ ሆኑ እንጂ።»

አራዊቱ በሳቅ ፈረሱ። የጥንግ ቀን ነዋ። ጌታን መዝለፍ የዕለቱ ወግ ነውና፣ እውነቱን እንደ ዘለፋ ወሰዱት። አንበሳም አብሮ ሳቀ።

«ዘንድሮ ደግሞ ቤት ሳይመታ መጣ» አለ። «እስኪ ድገመው፣ አሳምረህ ግጠመው።»

አህያ አልገጠመም። እናቱን ይኸው ወንዝ ከነጭነቷ እንደወሰዳት፣ የዚያን ዕለትም እዚህ ፀሐይ እንደነበረ ነገራቸው። ጅብ ግን ሆዱን ይዞ እየሳቀ፣ «ተዉት፣ ወገኑ ታች ቤት እንዳይሸነፍ ዘዴ ሲፈልግ ነው» አለ። ያልሰማውም ሰማ፣ ሳቁ በረታ። አህያ ግራ ገባው። የሚሰሙት እንደሆነ በቀልድ ነው፣ ካልቀለደም አይሰሙትም።

ቀና ብሎ የጠቆረውን ተራራ አየ። ከዚያ ዱላውን አሸዋው ላይ አስቀመጠና፣ ጆሮውን ጥሎ ቀስ እያለ ከሜዳ ወጣ።

ሳቁ ተቋረጠ። አንበሳ ዱላውን አየ፣ አህያውን አየ። ከሁሉም ይልቅ ይህን ቀን የሚወድ ማን እንደሆነ ያውቃል። ወደ አፋፉም ቀና አለ።

«እሜት ቀበሮ፣ እስኪ ወርደሽ እዚህ አሸዋው ላይ ቁሚና ተጫወቱ በይኝ።»

«እግሬን እሾህ ወግቶኛል ጌታዬ። ከዚህም እንነጋገራለን።»

አንበሳ ሌላ አልጠየቀም። «ውጡ» አለ፣ እሱም ወጣ። ግልገል ያላት ግልገሏን አንጠልጥላ፣ ሽማግሌው ተደግፎ፣ ሁሉም አፋፉን ያዘ። ጅብ ብቻ ቀረ። ቢጠሩት ቢጠሩት፣ አፉ ሞልቶ ስለነበር መልስ እንኳ አልሰጠም። ይህ ሁሉ ለእኔ ብቻ ቀረ ብሎ በልቡ ፈጣሪን ሳያመሰግን አልቀረም።

ውሃው ቀስ ብሎ አልመጣም። ድምፁ መጣ፣ ወዲያው ግንድና ቋጥኝ እያንከባለለ እሱ ራሱ መጣ። ሥጋውንም፣ የቆሙበትን ስፍራም ወሰደው። ጅብ ከታች ካለው መታጠፊያ አንድ ግንድ አቅፎ፣ ወገቡ ተሰብሮ ወጣ። ፈጣሪ መሐሪ ነው፣ ሆዳምንም ያወጣል። አራዊቱ ግን ማልቀሳቸው ለሜዳቸው ነበር። ውሃው ሲጎድል ያ ነጭ አሸዋ የለም፣ ድንጋይ ብቻ ሆኗል።

በዓመቱ አንድ ዘቅዛቃ ሣር ላይ ተሰበሰቡ። ጥንጓ እየተንከባለለች የምታስቸግር ቦታ ነው፣ ያንን አሸዋ አይተካም። አህያ መጥቶ ሳይጠሩት ከዳር ተቀመጠ። ጅብም እያነከሰ መጣና፣ ደንብ ደንብ ነው፣ ከሜዳ የወጣ አይጫወትም ብሎ ጮኸ።

አንበሳ ተነሥቶ ሄዶ ከአህያ አጠገብ ተቀመጠ።

«እውነትህን ነው አያ ጅቦ» አለ። «አምና ሳንጎዳ ከሜዳ ያልወጣን ማን አለ? እሱ ቀደመን፣ እኛ ተከተልነው። በደንቡ ከሄድን ያልወጣኸው አንተ ብቻ ነህ። በል ግባ፣ ብቻህን ተጫወት።»

ጅብ ዱላውን ይዞ ወዲያ ወዲህ አየ። የሚመታለት የለም፣ የሚመልስለትም የለም። አራዊቱ እንደ ድሮው ሳቁ። ሳቃቸው ሲበርድ አንበሳ አህያን በክርኑ ጎሸም አድርጎ፣ «ተነሥ፣ ዘንድሮ የምትሰድበኝ በግጥም ነው» አለው።

ከዚህ የምንማረው፣ የቀረ በዓል በዓመቱ እንደሚመለስ፣ ውሃ የወሰደው ወዳጅ ግን እንደማይመለስ ነው።