ሁለተኛዋ ዓይን

እንግዲህ ስሙኝ ልጆቼ። የወይራ አምባ ቤተ ክርስቲያን ገና የሣር ክዳን በነበረበት ዘመን እንግዳሸት የሚባል ሰዓሊ ነበረ። ድኻ ነበረ፣ ዝምተኛ ነበረ፣ ሰይጣን ሲስል ግን የሚያህለው አልነበረም። የአሣሣሉን ሕግ ታውቁታላችሁ፤ ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሳላል፣ ርኩስ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ሕዝቡ ቅዳሴ ቆሞ ከቅዱሳኑ ይልቅ የእንግዳሸትን ሰይጣን ያይ ነበር። እሱም ደስ ይለው ነበር፣ ምን ልዋሻችሁ።

ቀለሙን የሚበጠብጥባትን የሸክላ ጣባ የምትሠራለት እማማ ውድነሽ ነበረች። ከወንዝ ማዶ ከሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ናት። እናቱ ስትሞት ያሳደገችውም እሷው ነበረች።

ታዲያ የአገሩ ገዥ የሸክላ ሠሪዎቹን መሬት ተመኘ። ያለ ምክንያት መንጠቁን ፈራ። እንግዳሸትን አስጠራና የወንዝ ማዶ ሰዎችን ሰው እንደሚበላ አውሬ አድርጎ በሸማ ላይ እንዲስል አዘዘው። እንግዳሸት እጄን ያስቆርጠኛል ብሎ ፈራ። ደግሞም በጎን የተሳለ ፊት ማንን ይጎዳል ብሎ ራሱን ደለለ። ሳለ። በአንድ ዓይን ሳለ። ሸማውም ገበያው መካከል ካለው ዋርካ ላይ ተሰቀለ።

በሳምንቱ ገዥው ለሰባት ገበያ ሰባት ሸማ አዘዘ። እንግዳሸት ሳለ። በአንድ ዓይን ሳለ። ገበያተኛው የአውሬው ጥርስ አነሰ ሲል ጥርሱን አስረዘመ፣ ጥፍሩ አነሰ ሲል ጥፍሩን ጨመረ። ወር ሳይሞላ ያንን አውሬ በዓይኔ በብረቱ አየሁት የሚለው በዛ። ማሰሮ የሚገዛ ጠፋ።

አንድ ቅዳሜ እማማ ውድነሽ ማሰሮዋን አዝላ ገበያ ወጣች። በአራስነታቸው ገንፎ ያገነፋችላቸው ሴቶች ልጆቻቸውን ከፊቷ ሸሸጉ። እሷ ሸማውን ብዙ አየችው። ከሥሩ ወደተቀመጠው ሰዓሊ ዞረች።

«እንግዳሸት ልጄ፣ ሁለተኛዋን ዓይኔን የት አደረስካት?» አለችው።

እንግዳሸት ወደ ቀለሙ አጎነበሰ። እሷም ማሰሮዋን እንዳዘለች ተመለሰች።

እንግዳሸት ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሦስት ቀን እህል ሳይቀምስ ሳለ። በሁለት ዓይን ሳለ። እማማ ውድነሽን ፊት ለፊት፣ ሻሿን እንዳሰረች፣ እጇን ጭቃ እንደነካው ሳለና በቀጣዩ ቅዳሜ ዋርካው ላይ ሰቀላት። ሕዝቡ ተጠግቶ አየ። እንግዳሸት ያወቋት መስሎት ተስፋ አደረገ። ያኔ አንድ ሽማግሌ ተነሡ።

«ፊት ለፊት የሚሳለው ጻድቅ ነው። ይህ ሰው ለአውሬ ስገዱ እያለን ነው» አሉ።

ይኸው በቃ። ገበያው እንዳለ ተነሣ። ገዥው እንኳ አላዘዘም። ጀምበር ሳትጠልቅ የወንዝ ማዶ መንደር ነደደ፣ እማማ ውድነሽም አብራ ነደደች። እንግዳሸትን ገዥው አስተረፈው፤ ሰዓሊ ያስፈልገው ነበርና።

እሱ ግን ለገዥው ዳግመኛ አልሳለም። ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ከሰይጣኑ አጠገብ አንድ ሰው ብቻ ጨመረ። ያ ሰው በአንድ እጁ ብሩሽ፣ በሌላው የተሰበረች ጣባ ይዟል። በጎን ነው የተሳለው፣ በአንድ ዓይን። ራሱን ነው።

ከዚያ ወዲህ የወይራ አምባ ሰዓሊ ሰይጣንን እንኳ ሲስል ሁለት ዓይን ይሰጠዋል። አንድ ዓይን ይዞ የቀረው እንግዳሸት ብቻ ነው። ሸክላ ሠሪ ግን አልተመለሰልንም። እስከ ዛሬ ውኃ የምንቀዳው በቅል ነው።