ከወለል በታች የገባው ነፋስ

አንድ ጊዜ፣ ነፋስ እንደ ወንበዴ በሕግ ይፈለግ በነበረበት ዘመን፣ ከረግረግ ዳር አንዲት የአራዊት መንደር ነበረች። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ እየገባ ስላስቸገራቸው፣ ነዋሪዎቹ የየቤታቸውን ወለል ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ አድርገው በሳንቃ ሠሩት። ከሳንቃው በታች በሆድ ተስበው ካልሆነ የማይገቡበት ባዶ ቦታ ቀረ። የመንደሩ ዳኛ ጅብ ዙሪያው በድንጋይና በጭቃ ግጥም ተደርጎ እንዲዘጋ አዘዘ። የጅብን አርቆ አሳቢነት እናንተም ስለምታውቁት እኔ አልጨምርበትም።

አያ ጅቦ ቁርበት አንጥፉልኝ ለማለት ሩቅ አገር መሄድ አላስፈለገውም፤ የሚያውቁት ጎረቤቶቹ እዚሁ አንጥፈውለታል። እዚያ ላይ ተቀምጦ፣ «የኋላ እግሬን ያሳጠረው ማን መሰላችሁ? በቀዳዳ የገባ ነፋስ ነው» ይላቸው ነበር። አራዊቱ አጭር የኋላ እግሩን እያዩ ከንፈር መጠጡ። ከዚያ ወዲህ በሁለት በር መካከል የሚቀመጥ ጠፋ። በዚያው ክረምት የበግ ወንድም ከነአንገት ቃጭሉ የገባበት ሲታጣ፣ ጅብ ራሱ ሦስት ቀን ሙሉ መርምሮ «ነፋስ ወሰደው» ሲል ፈረደ። በጉም ፍርዱን በጸጋ ተቀበለ፤ ከፈራጁ በላይ ስለ ጉዳዩ የሚያውቅ አልነበረምና።

አህያ ግን ችግር ገጠማት። ዕድሜ ልካቸውን ጨው የተሸከሙት አሮጊት እናቷ አሁን ከሳንቃው ላይ መነሳት አቅቷቸዋል፤ በሁለተኛው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ሳል ጀመራቸው። ወለሉ ጠዋት ጠዋት ያልበዋል። በስንጥቁ የሻጋታ ሽታ ይወጣል። አንድ ቀን ሰኮናዋ ሳንቃው ውስጥ ስርጉድ ሲልባት አህያ ደነገጠችና ጃርትን ጠራችው። ጃርት ኑሮው ከመሬት በታች ስለሆነ የጉድጓድን ነገር ያውቃል።

ጃርት አንድ ሳንቃ አስነስቶ በሆዱ እየተሳበ ገባ። ሲወጣ አፍንጫው በሻጋታ ነጥቷል።

«እትዬ አህያ፣ እናትሽን የሚያስላቸው ነፋስ አይደለም፤ የነፋስ እጦት ነው። እርጥበቱ ከሥራቸው ታፍኗል። ወለሉን የተሸከመው እንጨትም በስብሷል፤ እንዲህ ከቆየ ሌላ ክረምት አያይም።»

አንድ ቀዳዳ ይበቃ እንደሆነ ጠየቀችው። «አንድማ ምን ያደርጋል? ነፋስ እንግዳ ነው፤ መውጫውን ካላየ አይገባም» አላት። ስለዚህ ከወለሉ በታች አንዱን ቀዳዳ በምሥራቅ፣ ሌላውን ትይዩውን በምዕራብ ከፈተ። አይጥ እንዳይገባ ከጀርባው እሾህ እየነቀለ እንደ ወንፊት ሰካባቸው። የበሰበሰውንም እንጨት ለወጡት። በሳምንቱ ሳንቃው ደረቀ፣ የእናቷም ሳል ጋብ አለ። እኔ ይህን አልደግፍም፤ ያለ ፈቃድ የሚድን በሽተኛ ለመንደር መጥፎ ምሳሌ ነው።

ወዲያው የጅብ ጸሐፊ ቀበሮ ትእዛዝ ይዛ መጣች። ቀዳዳዎቹ ካልተደፈኑ የአህያ ቤት ይፈርሳል፤ እሷና እናቷም ወደ ረግረጉ ይባረራሉ። አንብባ ስትጨርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እህቴ፣ ቀን ቀን ድፈኚው፣ ማታ ማታ ክፈቺው። ማን ያይሻል?» አለቻት።

«ቀን ቀን የምትታፈን እናት የለችኝም» አለች አህያ።

ከርከሮዎች ታዘው መጡና በጭቃ ደፈኑት። አህያ ዞር ብላ በኋላ እግሯ ረገጠችው፤ ተከፈተ። በማግሥቱ ደፈኑት፤ ረገጠችው። በሦስተኛው ቀን ከርከሮዎቹ፣ ቢያንስ ቤታቸው እስኪደርሱ እንድትታገሣቸው በትሕትና ለመኗት።

በመጨረሻ ለፍርድ ተጠራች። ችሎቱ በጅብ ቤት ነበር። በመንደሩ እንደሱ የተደፈነ ቤት ስላልነበረ ሁሉም ለክብሩ ሲሉ በአፋቸው ነበር የሚተነፍሱት። ጅብ ቁርበቱ ላይ ሆኖ የነፋስን ክፋት ዘረዘረ፤ እንደ ልማዱም የኋላ እግሩን አሳየ።

ልጃቸውን ተደግፈው የመጡት እናት አህያ አተኩረው አዩት። «አንተ ልጅ፣ አባትህን አውቀዋለሁ። የሱም የኋላ እግር እንዲሁ አጭር ነበር። ያኔ ሳንቃ የለ፣ ቀዳዳ የለ። እሱንስ ማን መታው?»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ጅብ ተቆጣ፤ ዛሬውኑ ካልደፈነች ቤቷ ከነመሠረቱ ይፍረስ አለ።

«አልደፍንም» አለች አህያ። «አፍርሱት። ረግረጉ ላይ ሌላ እሠራለሁ። እሱም ሁለት ቀዳዳ ይኖረዋል።»

ጅብ በንዴት ዘሎ ተነሳና በአራት እግሩ ወለሉ ላይ አረፈ። ሁለት ዓመት የታፈነ ወለል እንዲህ ያለ ቁጣ አይችልም። ሳንቃው ተሰበረ፤ ዳኛው ከነቁርበቱ ወደ ታች ወረደ። አራዊቱ ወደ ግድግዳው ሸሹ። ቀበሮ ግን አልተንቀሳቀሰችም፤ ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጠችው በድንጋዩ ደፍ ላይ ነበር።

ከሥር ቃጭል ተንቃጨለ።

በጉ ቀርቦ ቁልቁል አየ። ጅብ በአጥንት ክምር መካከል ቆሟል፤ ቃጭሉ እግሩ ላይ ተጠምጥሟል።

«የወንድሜ ነው» አለ በጉ።

ጅብ ጉሮሮውን ጠረገ። «አላልኳችሁም? ነፋስ ነው ያመጣው።»

«በየት በኩል?» አለች አህያ። «አያ ጅቦ፣ ቤትህ እኮ ቀዳዳ የለውም።»

ያን ቀን ጅብ በአጭር የኋላ እግሩ ምን ያህል መሮጥ እንደሚችል መንደሩ በሙሉ አየ። በጉ የወንድሙን አጥንት ሰብስቦ ቀበረ። አህያም የጅብን ግድግዳ ከሥሩ በምሥራቅ አንድ ጊዜ፣ በምዕራብ አንድ ጊዜ ረገጠችው፤ ሽታው ወጥቶ ለማለቅ ሦስት ቀን ፈጀ። በአራተኛው ቀን ቀበሮ፣ ማንኛውም ቤት ሁለት ቀዳዳ እንዲኖረው የሚያዝ ደብዳቤ በዚያው በቀድሞው ቀለም ጽፋ ለጠፈች።

ከዚህ የምንማረው፣ ከቤቱ ሥር ነፋስ እንዳይገባ አጥብቆ የሚከለክል የሚፈራው ነፋሱን ሳይሆን ከቤቱ ሥር ያለውን ነገር መሆኑን ነው።