ማዶ ያለው ውሃ

በድሮ ዘመን፣ ወንዙ ደርቆ አሸዋ ብቻ በቀረበት ክፉ ዓመት፣ አስተዋይ ኤሊ፣ ችኩል ሚዳቋና ሆዳም ጅብ ነበሩ። ጠጋ በሉማ ልጆች! አንተ፣ ጓደኛህን አትጎንትል።

እመት ኤሊ የአውሬ ልጆችን ሰብስባ መንገድ መሳል ታስተምር ነበር። «መጀመሪያ ቤታችሁን ሳሉ። ቀጥሎ ወንዙን ሳሉ። መጨረሻ ፀሐይ የምትወጣበትን ሳሉ» ትላለች። ውሃ የቀረው ሩቅ ያለ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ብቻ ነበርና ነገሩ ጨዋታ አልነበረም።

ትንሿ ሚዳቋ እናቷ በውሃ ጥም ወድቃባታለች። በያዘችው ቅል ላይ በከሰል ቤቷን ሳለች፣ ወንዙን ሳለችና ብድግ አለች።

«ፀሐይዋስ?» አለች ኤሊ።

«እመት ኤሊ፣ እማዬ ልትሞትብኝ ነው! ውሃው የት ነው?»

ኤሊ አንጀቷ አልችል አለ። «ማዶ ነው የኔ ልጅ፣ በይ ሂጂ» አለቻት።

ሚዳቋ ወንዙን እንደተሻገረች አውሎ ነፋስ ተነሳ። አዙሮ አዙሮ ለቀቃት። ቅሏን አየች፤ ቤት አለ፣ ወንዝ አለ። እሷ የቆመችው ግን በየትኛው በኩል ነው?

አያ ጅቦ ብቅ አለ። «ወዴት ነው ልጄ?»

«ውሃ ልቀዳ፣ ማዶ።»

«ታዲያ ማዶው ያውልሽ!» ብሎ የመጣችበትን አሳያት።

ተሻገረች። ጅቡ ተከተላት። «ማዶ አላሉሽም? ያውና!» አላት። ተሻገረች። «ኧረ ማዶ ነው!» አላት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትሻገር ደክማ አሸዋው ላይ ወደቀች። ጅቡም በላት።

ጅቡስ ምን ሆነ ትሉኛላችሁ? ጠግቦ ተኛ። ምነው አፈጠጣችሁብኝ? ውሸት ፈጥሬ በድንጋይ ላስመታው እንዴ!

ልጅቱ ብትዘገይባት ኤሊ ፀሐይዋን እያየች ቀስ ብላ ሄደች። ቅሉን አሸዋ ላይ አገኘችው። ከጉድጓዱ ውሃ ሞልታ ለእናትየው አደረሰች።

«ልጄስ?» አለች እናት።

ኤሊ አቀርቅራ የልጅቱን ቅል አሳየቻት። እናትየው ውሃውን ሳትቀምስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ በዚያው አረፈች።

ከዚያ ወዲህ ኤሊ «ማዶ» ብላ አታውቅም። መጀመሪያ የምታስለውም ፀሐይን ነው። የሚያለቅስ ልጅ ቢመጣ እንኳ እያለቀሰ ታስጨርሰዋለች።

እናንተም መንገድ ስትስሉ የቆማችሁበትን የሚነግራችሁን ነገር አትተዉ። አስተማሪ የሆነም ሰው አዘንኩ ብሎ ትምህርቱን አይቁረጥ።

ተረቴን ተቀበሉኝ፤ ዛሬስ ዳቦም አልፈልግ፣ ሆዴን ባር ባር ብሎታል።