መውረድ ያቃተው ጉልበተኛ

አንድ ጉልበተኛ ሰው ነበረ። ፑሽአፕ ላይ የሚደርስበት የለም፤ ሳያርፍ ሃምሳ ይሠራል። አሠራሩ ግን ጉድ ነው፦ ሽቅብ ሲሆን እየገፋ፣ ቁልቁል ሲሆን ደረቱን ዷ አድርጎ መሬት ላይ እየጣለ። ጓደኞቹም የሚቆጥሩለት ሽቅቡን ብቻ ነበር። ቁልቁሉን ማን ይቆጥራል!

አንድ ቅዳሜ ከእነዚሁ ጓደኞቹ ጋር ተራራ ሊወጣ ሄደ። መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሲንቆራጠጥ አገኙ። ያለችው አንዲት ወላድ ፍየል ገደል ላይ ወጥታ ቀርታበታለች፤ ግልገሎቿ ከታች ጡት አጥተው ይጮኻሉ።

«አይዞዎት አባቴ፣ እኔ እያለሁ!» አለ ጉልበተኛው። እውነትም አላፈረም፤ እየተንጠላጠለ፣ እየገፋ፣ ላብ ሳይወጣው ፍየሏ አጠገብ ደረሰ። ጓደኞቹ አጨበጨቡ። ሊሸከማት እጁን ሲዘረጋ እሷ ሆዬ ደንግጣ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጠች ወርዳ ግልገሎቿን ማጥባት ጀመረች።

ሰውየው እዚያው ቀረ።

ለመውረድ መዳፉን ጠርዙ ላይ ተክሎ፣ ሰውነቱን በክንዱ ይዞ፣ እግሩ የታችኛውን መርገጫ እስኪያገኝ ቀስ ብሎ ዝቅ ማለት ነበረበት። ሞከረ። ክንዱ ገና ግማሽ ሲታጠፍ ተንቀጠቀጠ፤ እንደምንም ተመልሶ ወጣ። ያ ሁሉ ጡንቻ! አፈረ፤ ከማፈሩም በላይ ሞት ታየው።

ገበሬው ከታች ጮኸ፦ «ልጄ፣ ሰውነትህን አትጣለው! ክርንህን ከጎድንህ አስጠጋ። እየተነፈስክ ጥቂት በጥቂት ውረድ። ማን አጣደፈህ?»

ሰውየው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ ወረደ። አንድ ክንድ የማትሞላ ቁልቁለት ከሃምሳው ፑሽአፕ ይልቅ አላበችው። እግሩ መርገጫውን ሲያገኝ እንደ ሕፃን ሳቀ። ከዚያ በታች ያለውንም እንዲሁ እየተነፈሰ ጨረሰው፤ ገበሬው አቅፎ ሳመው።

እንግዲህ ትርሲት፣ «ጋሼ፣ ጂም ውስጥ ሠላሳ የምሠራ ሰው በእርስዎ የዮጋ ፑሽአፕ አራት ላይ የማልቀው ለምንድን ነው? ለድንጋይ መውጣትስ ምን ይረባኛል?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ጉልበተኛው አንቺ ነሽ፤ አትቆጪ። ይህ የዮጋ ምንጣፍሽ ደግሞ ያ የገደል ጠርዝ ነው። ስትወርጂ እስከ አምስት የማስቆጥርሽ፣ ክርንሽን ከጎንሽ የማስጠጋሽ ላሠቃይሽ ብዬ አይደለም። የፊታችን እሁድ ድንጋዩ ላይ ስትወጪ እኔ ከሥር ቆሜ አልመክርሽም። መውጣትሽን ሁሉም ያይልሻል፤ ቤትሽ የሚመልስሽ ግን መውረድሽ ነው።

በይ አሁን መዳፍሽን ትከይ። አምስተኛውን ውረጂ። አንድ… ሁለት… ሦ— ኧረ በሕግ! ወደቅሽ እኮ! ተነሺ፣ እንደገና።