የለመደ ጆሮ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ የኔታ ኅሩይ፤ ደምሰው ጥያቄውን እንኳ በቅጡ አልጨረሰም።

ደምሰው የሰርግ አዳራሽ አለው። የኔታ ፊደል ያስቆጠሩት፣ ዜማም ሊያስተምሩት ሞክረው የተዉት መምህሩ ናቸው፤ ዛሬም ድረስ መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ኮፍያውን ያወልቃል። በዚያ ሰሞን የጤና ሰዎች አዳራሹን አይተው፣ «ለሠራተኞችህ የጆሮ መድፈኛ ስጥ፤ ድምፁን ቀንስ፤ በየተራም ወጣ ብለው ይረፉ» ብለውት ሄደዋል። እሱም ነገሩ ስላልተዋጠለት ወደ የኔታ መጣ። «ሠራተኞቼን አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው፤ ሁሉም ‹ለምደነዋል› አሉኝ። የለመደን ሰው ጆሮ መድፈን ምን ይጠቅማል፣ የኔታ? እነሱ ካላማረሩ እኔ ምን ቤት ነኝ?» ነው ያላቸው።

«ቁጭ በል። አታቋርጠኝ» አሉት፤ መቋሚያቸውንም ግድግዳው ላይ አስደግፈው ነገራቸውን እንደገና ጀመሩ።

አንድ ሰው ነበረ። ክራር ደርዳሪ ነው። ጆሮው የተመሰከረለት ነበር፤ አምስት ክራር አንድ ላይ ሲመታ ከማዶ ሆኖ የላላችውን ጅማት ለይቶ «ያችን ሦስተኛዋን አክርራት» የሚል። እንዲህ ያለ ጆሮ እግዜር ለስንቱ ይሰጣል? ለአንተ እንኳ አልሰጠህም፤ ዜማ ሳስተምርህ ያየሁትን አይቻለሁ።

አንድ ባለጠጋ ይህን ሰው ቀጠረው። ባለጠጋው እንደ አንተ የሰርግ አዳራሽ ነበረው፤ የምሳ ሰርግ የሚደገስበት፣ በግራና በቀኙ ቁመታቸው ከሰው የሚበልጥ፣ ሞንታርቦ የሚሏቸው ድምፅ ማጉያዎች የተገተሩበት። «ክራሩን ተወውና አንተ ጆሮዬ ሁን» አለው። ሥራው ይህ ነው። ድግሱ ሲጀመር መሀል ምሰሶው ሥር ይቆማል። መሣሪያው ላይ የተቀመጠው ባለሙያ ዘፈኑን ከፍቶ ቀስ እያለ ይጨምራል። ሰውየው ልኩ ነው ሲል እጁን ያነሣል፤ ድምፁም እዚያው ላይ ይረጋል። ከዚያ በኋላ ድግሱ እስኪያልቅ እዚያው ሞንታርቦው ፊት ሆኖ አስተናጋጆቹን ያዛል። ባለጠጋው ይኮራበት ነበር፤ ለእንግዳ ሁሉ «የቤቴ ልክ ይህ ሰው ነው» እያለ ያስተዋውቀዋል።

በዚያ ቤት ደግሞ አንድ ልማድ ነበራቸው። አዲስ የተቀጠረ አስተናጋጅ፣ ድምፁ ሲከፈት ደንግጦ ጆሮውን ከያዘ «ሙሽራ» ይሉታል። «ሙሽራው መጣ፣ ሙሽሪት መጣች፣ ኧረ አትንኳት!» እያሉ ይስቁበታል። ጆሮው ውስጥ ጥጥ የወሸቀማ ወር ሙሉ መሳቂያ ነው። ሰንብቶ ሰንብቶ፣ ትሪ ተሸክሞ በሞንታርቦው አጠገብ ፊቱን ሳያጨማድድ ያለፈ ቀን ግን ወጥ ቤቱ ሁሉ እልል ይልለታል። «ለመደ! ለመደ!» ይባላል። ጉድ እኮ ነው! ሰው መጎዳት ሲጀምር እልል የሚባልለት ቤት አየሁ ልበል?

ሰውየው መጀመሪያ መጀመሪያ ከሥራ ሲወጣ ጆሮው ጭው ይልበት ነበር። ሲነጋ ይተወዋል። ሁለተኛው ዓመት ላይ ሲነጋም አልተወው አለ። ሚስቱ በር ላይ ቆማ ስትጠራው አይሰማም፤ «ሆን ብለህ ነው፣ አውቄብሃለሁ» እያለች ትቆጣዋለች፣ እሱም ይስቃል። አንድ እሑድ ክራሩን ከግድግዳ አውርዶ ሊቃኝ ቢል ቀጭኗ ጅማት አልናገር አለችው። አርጅታለች ብሎ ቀየራት። አዲሷም ዝም አለች። ጎረቤት ያለ አንድ ወዳጁ መጥቶ መታ መታ አደረጋትና «እንዴት ታምራለች!» ሲል ሰውየው ቀዝቃዛ ውኃ የተደፋበት ያህል ደነገጠ። ክራሩን መልሶ ሰቀለው፤ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ምን ብሎ ይናገር? እንጀራው ጆሮው ነው።

ሌሎቹ ግን ያውቁ ነበር። ወጥ ቤት ውስጥ «እሱ እኮ አይሰማም» ተብሎ ሲወራ ከርሟል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ወሬው እሱ ዘንድ ሳይደርስ ኖረ። በየዓመቱ እጁ ትንሽ ትንሽ እየዘገየ ይነሣል፤ በዘገየ ቁጥር የቤቱ ድምፅ ይጨምራል። አስተናጋጆቹም አብረው እየለመዱ ሄዱ።

የባለጠጋው የእህት ልጅ ነርስ ነበረች። አንድ ቀን መጥታ «አጎቴ፣ ይህ ድምፅ ሠራተኞችህን ያደነቁራቸዋል» አለችው። ባለጠጋው ክፉ ሰው አልነበረም። ወዲያው ሰውየውን አስጠርቶ «ድምፁ ይበዛባችኋል እንዴ?» ብሎ ጠየቀው። ሰውየው ጥያቄውን የያዘው ከንፈር አይቶ ነው። «አዎ፣ እኔ መስማት እያቃተኝ ነው» ብሎ ሁሉን ሊዘረግፈው ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከዚያ ምሰሶ ሥር ሲነሣ፣ ሌላ ሰው ሲቆምበት ታየው። ልጁን ለመዳር ጥቂት ወራት ነው የቀሩት።

«ኧረ ጌታዬ፣ ምንም አይል! ለምደነዋል» አለ።

ባለጠጋው ደስ አለው። ወደ እህቱ ልጅ ዞር ብሎ «ሰማሽ?» አላት። ነገሩ በዚሁ ቀረ። ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገራችን ሰው፤ እዚያ ቤት ግን የሚቃጠለውን ራሱን ጠይቀው «ደህና ነኝ» ስላላቸው አርፈው ተቀመጡ።

ሰውየው አንድ ልጅ ነበረችው፤ አንዲት ብቻ። ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ ጉልበት ስማ የምትለው ቃል አለ፤ አባትም መርቆ ይሸኛታል። ሰውየው የሚኖረው ለዚያች ቀን ነበር። ልጁ ስታወራው ድምፅዋ ከዓመት ዓመት እየራቀው መሄዱን ያውቃል። እንደ ምንም ከንፈሯን እያየ ይከተላታል። «የዚያን ቀን የምትለኝን ብቻ በጆሮዬ ልስማ፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ፍጥርጥሩ» እያለ ይሳል ነበር።

ባለጠጋው የልጅቱን መታጨት ሲሰማ «ልጅህን የምትድረው በእኔ አዳራሽ ነው፤ ሰባራ ሳንቲም አትከፍልም» አለው። ሰውየው ጉልበቱ ላይ ወድቆ አመሰገነ።

ቀኑ ደረሰ። የሙሽራው ወገን ከሩቅ አገር ስለመጡ ማልደው ገብተው ተቀምጠዋል። ሰውየው ካባ ደርቦ፣ እንደ ልማዱ ምሰሶው ሥር ቆመ። ዘፈኑ ተከፈተ። ተጨመረ። ጠረጴዛ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ። አሁንም ተጨመረ። ሽማግሌዎቹ ጆሯቸውን በጋቢ ሸፈኑ፤ ሕፃናት አለቀሱ፤ የሙሽራው አያት ሰው ደግፏቸው ወደ ግቢ ወጡ። ሰውየው እጁን አላነሣም። እንዲያውም ቅር ብሎታል። «ለሰው ልጅ ሲሆን ይለቁታል፣ ለእኔ ልጅ ሲሆን ሰሰቱ?» ይላል በሆዱ፤ ጨምር፣ ጨምር እያለ በአገጩ ያሳያል። አስተናጋጆቹ ትሪ ይዘው ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ ከእነሱ መካከል ፊቱን ያጨማደደ አንድም የለም።

ሙሽራይቱ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ቬሎዋን በአንድ እጇ ሰብስባ አዳራሹን አቋርጣ መጣችና «አባባ!» አለችው። ከጎኑ ነው የቆመችው፤ አልዞረም። «አባባ!» አለች ደግማ። ከዚያ በኋላ አልተጣራችም። ክንዱን ያዘችና የአባቷን እጅ ራሷ ወደ ላይ አነሣችው።

መሣሪያው ላይ ያለው ባለሙያ ነገሩ ገባውና ጨርሶ አጠፋው።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ለሰውየው ግን ጸጥታ የሚባል ነገር አልመጣለትም፤ ያ ጭውታ ብቻ ቀረ። ዙሪያውን ቢያይ ሰው ሁሉ የሚያየው እሱን ነው። እጁ ገና በልጁ እጅ ውስጥ ተሰቅሏል። ያኔ ሁሉም ነገር ገባው። አፈረ፤ ከማፈሩም ይልቅ ፈራ። ልጅቱ ወንበር ስባ አስቀመጠችው። የመሸኛውን ሰዓት አልጠበቀችም፤ እዚያው ተንበርክካ ፊቷን ጉልበቱ ላይ ደፍታ ትናገር ጀመር። ብዙ ነገር ተናገረች። አዳራሹ ሁሉ ሰማ፤ ሴቶቹ እንባቸውን ጠረጉ። እሱ የሚያየው ራሷ ላይ ያለውን አበባ ብቻ ነው፤ ከንፈሯ አይታየውም። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ራሷ አስጠጋ። ሌላኛውንም ጆሮ አስጠጋ። ከዚያ ቀና አለና አጠገቡ የቆመውን ባለጠጋ ለመነው።

«ጌታዬ፣ ምን አለችኝ?»

ባለጠጋው ሰምቶ ነበር። ቢሮው ከወፍራም ግድግዳ ጀርባ ስለሆነ የእሱ ጆሮ ደህና ነው። ሊነግረው አፉን ከፈተ፤ እንባ ቀደመውና አቃተው።

የኔታ እዚህ ላይ ሲደርሱ መቋሚያቸውን ከግድግዳው አነሡ። ደምሰው ኮፍያውን ጭኑ ላይ ያሻል።

«ከዚያስ፣ የኔታ?»

«ከዚያማ ምን አለ? ባለጠጋው ከአንድ ሐኪም ሌላ ሐኪም ይዞት ዞረ። እንዲህ የሄደ ጆሮ አይመለስም አሉት። ልጅቱም ከባሏ ጋር ወደ እሱ አገር ሄደች።»

አሁን ድምፃቸው ከፍ አለ።

«ያ ባለጠጋ አንተ ነህ፣ ደምሰው። አትቆጣ፤ ክፉ ነህ አላልኩህም። እሱም ልክ እንደ አንተ ጠይቋል፤ የሳተው የጠየቀው ሰው ላይ ነው። አስተናጋጆችህ ‹ለምደነዋል› ሲሉህ ጠነከርን ያሉህ መሰለህ። ጆሯቸው እየሄደ መሆኑን ነው የነገሩህ። ግማሾቹ አያውቁትም፤ ግማሾቹ ያውቁታል፣ እንጀራቸውን ፈርተው ዋጥ አደረጉት። እግሩ የደነዘዘ ሰው ‹እሾህ ወጋህ ወይ?› ቢሉት ምን ይላል? ‹ኧረ የለም› ነው የሚለው። ደሙን የሚያየው ቆሞ የሚያየው ሰው ነው፤ በአንተ ቤት ቆሞ የሚያየው ደግሞ አንተ ነህ። መድፈኛውን ግዛ። መጀመሪያ አንተ ራስህ አድርገህ በመካከላቸው እለፍ፤ ያን ጊዜ የሚስቅ ካለ እናያለን! ሞንታርቦህንም ሳህን ከሚመላለስበት መንገድ አርቀው፣ ቀንሰውም፤ ሰው ሰርግ ሲጠራ ሊጫወትና ሊጨዋወት እንጂ ሊደነቁር አይመጣም። በየተራ ወጥተው ይረፉ መባልህንም አትርሳ። ይህን ሁሉ ለማድረግ የማንንም ‹ይሁን› አትጠብቅ። የለም፣ ሳልጠይቅ አላደርግም ካልክ ግን፣ አሥር ዓመት ያገለገለህን ተወውና ትናንት የቀጠርከውን ጥራ። እሱ ገና ይሰማል።»